ለ10 ሳምንቷ ሕፃን የትኛው ማዘያ ይሻላል?

ጥያቄው፦ «የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ 10 ሳምንት ሆናት። 4 ኪሎ ተኩል ትመዝናለች። በመቀመጫዋ ስለመጣች በኦፕሬሽን ነው የተገላገልኩት። ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ክርስትና እናስነሳትና ሥራ እመለሳለሁ። ቤቴ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። በየጠዋቱ ፒያሳ እናቴ ቤት አድርሻት መሄድ አለብኝ። እህቴ ከውጭ የላከችልኝ ባለ ቀበቶ ማዘያ አለ፤ ግን ቁስሌን ይጫነኛል፣ ትከሻዬን ይቆርጠኛል፣ ልጅቷም ውስጡ ትሰምጣለች። ሱቅ ያየሁት ቀለል ያለ ነው፤ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጎ ይይዛታል። አማቴ ደግሞ አንቀልባ እያለ ምን ያንከራትትሻል ይሉኛል። ለእኔም ለእሷም የሚመቸው የቱ ነው?»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። እዚሁ ጎንደር በብዛት የሚመጡልኝ ወገባቸውን የሚያማቸው እናቶችና የእግር ችግር ያለባቸው ሕፃናት ናቸው። መልሴን በአጭሩ ላስቀድምልሽ። የእህትሽን ስጦታ አትጣይው። የሱቁን አትግዢው። የአማትሽን አንቀልባ ደግሞ በደንብ አስቀምጪው፤ ጊዜው ይደርሳል። አሁን የሚያሰቃይሽ አስተሳሰሩ ነው እንጂ ማዘያው አይደለም።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን፣ እንደዋዛ ጣል ያደረግሻት አንድ ነገር አለች። «በመቀመጫዋ ስለመጣች» ብለሻል። ሴት ናት፣ የመጀመሪያ ልጅ ናት፣ በመቀመጫዋ መጥታለች። እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ እኛ ቶሎ የምናየው ዳሌዋን ነው። አንዳንድ ሕፃን ሲወለድ የጭኑ አጥንት ራስ በዳሌው ጉድጓድ ውስጥ ጥሩ አድርጎ አይቀመጥም። ይላላል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይወጣል። ሕፃኗን ስለማያማት አታለቅስም። ማንም ልብ ሳይል ይቆይና መራመድ ስትጀምር በማንከስ ይታወቃል። ያኔ ሕክምናው ረጅምና ከባድ ይሆናል።

አትደንግጪ። በመቀመጫቸው ከመጡት ልጆች አብዛኞቹ ዳሌያቸው ደህና ነው። ግን መታየት አለባት። እንዲህ ለመጣች ልጅ የዳሌ አልትራሳውንድ ከ6ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ይመከራል። እስከ 4 ወር ድረስ ጥሩ አድርጎ ያሳያል፤ አጥንቱ እየጠነከረ ሲሄድ ነገሩ ወደ ራጅ ይዞራል። የ10 ሳምንት ክትባቷ አሁን ስለሆነ በዚያው «በመቀመጫዋ ነው የመጣችው፣ ዳሌዋን እዩልኝ» በያቸው። እዚያ የማይቻል ከሆነ ወደ ሆስፒታል እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ቤት ደግሞ ዳይፐር ስትቀይሪ ሁለቱንም ጉልበቶቿን አጥፈሽ ቀስ ብለሽ ወደ ጎን ክፈቻቸው። አንዱ እንደሌላው እኩል አልከፈት ካለ፣ ወይም ጉልበቶቿን አጥፈሽ ጎን ለጎን ስታቆሚያቸው አንዱ ዝቅ ብሎ ከታየሽ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። በጊዜ ከተደረሰበት እግሯን አጥፎና ከፍቶ በሚይዝ ልዩ ማንገቻ ብቻ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል፤ ኦፕሬሽን አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ ያልኩሽ ከምርጫሽ ጋር ስለሚገናኝ ነው። ለሕፃን ዳሌ የሚስማማው አቀማመጥ እንደ እንቁራሪት ነው። ጉልበቷ ከመቀመጫዋ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጭኖቿ ከፈት ይላሉ፣ ጨርቁ ከአንዱ ቋንጃዋ እስከ ሌላው ቋንጃዋ ይደግፋታል። እንዲህ ስትቀመጥ የጭኗ አጥንት ራስ ጉድጓዱ መሃል ላይ ያርፋል። ታላላቆችሽ «እግሯ ይወላገዳል» ብለው እንደሚቆጡሽ አውቃለሁ። አይወላገድም። የሕፃን እግር መጀመሪያም ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፤ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላት በራሱ ይቃናል። ጉዳት ያለው በተቃራኒው ነው፦ ሁለቱን እግር ገጥሞ፣ ቀጥ አድርጎ፣ ጠበቅ አድርጎ በጨርቅ መጠቅለል። በተለይ የአንቺ ልጅ ዳሌዋ እስኪታይ ድረስ እግሯን ቀጥ አድርጋችሁ አትጠቅልሏት። በቅቤ ስትታሽም እግሯን የሚስባት አይኑር። እጇን መጠቅለል ይቻላል፤ እግሯ ግን እንደልቡ ይንቀሳቀስ።

የሱቁን ማዘያ አትግዢ ያልኩሽም ከዚሁ የተነሳ ነው። አይቼዋለሁ፤ ፎቶ ላይ ያምራል። በእግሮቿ መሃል የሚያልፈው ጨርቅ ግን ጠባብ ነው። ጭኖቿን አይደግፍም፤ እግሯ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ክብደቷ ሁሉ ብልቷ ላይ ያርፋል። እርግጥ ጠባብ ማዘያ የጤነኛን ልጅ ዳሌ ይነቅላል የሚል ማስረጃ የለም። ዳሌዋ ገና ላልታየች ልጅ ግን ምን አስቸኮለሽ? በዚያ ላይ ፊቷን ወደ ፊት ማዞር ቢያንስ አንገቷን አጥብቃ እስክትይዝ፣ ማለትም እስከ 4 ወይም 6 ወር፣ አይሆንም። ከዚያ በኋላም ለአጭር ጊዜ፣ ነቅታ ሳለች ብቻ ነው። እንቅልፍ ከወሰዳት ራሷን የምታስደግፍበት ደረት የላትም። ፒያሳ ላይ ያለው የባጃጅ ጥሩምባና ግርግር ሲበዛባት ፊቷን የምትመልስበትም አታገኝም።

አሁን ከዳሌም ወደሚበልጠው ልምጣ። ከ4 ወር በታች ያለ ሕፃን ራሱ ከባድ፣ አንገቱ ደካማ ነው። አገጩ ደረቱ ላይ ከተደፋ የአየር ቧንቧው ይጠባል። አይጮህም፣ አይፈራገጥም፤ ዝም ብሎ ነው የሚታፈነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በ2010 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ በ20 ዓመት ውስጥ በትከሻ ከሚነገት የጨርቅ ማዘያ ጋር የተያያዙ ቢያንስ 14 የሕፃናት ሞቶችን እየመረመረ ነበር። ከእነዚህ 12ቱ ከ4 ወር በታች ነበሩ። «ልጅቷ ውስጡ ትሰምጣለች» ያልሽኝን ሳነብ ያሳሰበኝ ይኸው ነው። ሰምጣ ከሆነ ፊቷ አይታይሽም፣ አገጯም ተደፍቷል ማለት ነው። እስክታስተካክይው ድረስ በዚያ ሁኔታ ይዘሻት አትውጪ።

መለኪያው ቀላል ነው። አንገትሽን ዝቅ ስታደርጊ ግንባሯን መሳም ትችያለሽ? ሌላ ነገር ሳትገልጪ ፊቷ ይታይሻል? በአገጯና በደረቷ መሃል ሁለት ጣትሽ ይገባል? ሦስቱም አዎ ከሆነ ደህና ነው። አንዱ እንኳ ከጎደለ ፈትተሽ እንደገና እሰሪያት።

እንግዲህ የእህትሽን ማዘያ አውጪውና አብረን እንየው። መጀመሪያ የተሰፋበትን መለያ አንብቢ። ብዙዎቹ ከ3.2 ወይም ከ3.6 ኪሎ ጀምሮ ነው የሚፈቅዱት፤ ልጅሽ አልፋዋለች። አንዳንዱ ግን በዚህ ዕድሜ ተጨማሪ የአራስ ትራስ ይፈልጋል። እንደዚያ የሚል ከሆነ እህትሽን ትራሱን ጠይቂያት። ከራሷ ኋላ ፎጣ ወይም ብርድ ልብስ መወተፍ አይሆንም፤ አገጯን ወደ ደረቷ ይገፋባታል።

ቀጥሎ ቀበቶው። ምናልባት ሥዕሉ እንደሚያሳየው ዳሌሽ ላይ አድርገሽዋል። ለትልቅ ልጅ ልክ ነው። ለ4 ኪሎ ተኩል ልጅ ግን ቀበቶው ወደ ላይ ይወጣል፦ እምብርትሽ ጋ፣ ካስፈለገም ትንሽ ከፍ ብሎ። ይህ ሁለቱንም ችግር በአንዴ ያቃልልሻል። ቁስልሽ ከታች ስለሆነ ከጫና ነፃ ይሆናል፤ ልጅቷም ለመሳም ወደሚመች ከፍታ ትመጣለች። ጥብቀቱ ረጅም ትንፋሽ ሳትቸገሪ መውሰድ በምትችይበት ልክ ይሁን። ወደ ታች የሚገፋሽ ነገር ከተሰማሽ፣ ወይም ሽንት ካመለጠሽ፣ ቀበቶውን ለጊዜው ተዪው። ማህፀንሽንና ፊኛሽን ከሥር የሚደግፉት ጡንቻዎች ገና አልጠነከሩም። ቁስልሽ ከቀላ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ሕመሙ ከባሰብሽም ማዘሉን አቁመሽ ሐኪም አሳዪ።

አሁንም ከሰመጠች የማዘያው ቁመት በዝቶባታል። ቀበቶውን ከማሰርሽ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ጠቅልይው፤ ያጥራል። ሰፍቶባት እግሯን ከልክ በላይ የሚከፍታት ከሆነ ደግሞ በእግሮቿ መሃል የሚውለውን ግርጌውን በሻሽ ሰብሰብ አድርገሽ እሰሪው። ከቋንጃ እስከ ቋንጃ ሲደርስ በቃ። ስታድግ ሻሹን ትፈችዋለሽ። ለዚህ ተብሎ ሌላ ዕቃ አይገዛም።

የትከሻሽ መቆረጥ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ካለችው አጭር ማገናኛ ነው የሚመጣው። ሁለቱን ማንገቻ የምታያይዘው ማለቴ ነው። ማጅራትሽ ላይ ከወጣች ማንገቻዎቹ ወደ አንገትሽ ይሰበሰባሉ። ወደ ታች አውርጂያት፤ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶችሽ መሃል ትረፍ። ለብቻሽ እጅሽ አይደርስም፤ ባለቤትሽ አንዴ ያስተካክልልሽና እንደዚያው ትቀራለች። ከዚያ በአንድ እጅሽ መቀመጫዋን ወደ ላይ ደገፍ እያደረግሽ በሌላው ማንገቻውን ሳቢ። ሸክሟን ሳታነሺለት ብትጎትቺው አይጠብቅም። ሁለቱንም ወገን እኩል አጥብቂ።

መጨረሻ ላይ ሁለት እጅሽን ከጭኖቿ ሥር አስገቢና ጉልበቶቿን ወደ አንቺ ከፍ አድርጊ፤ መቀመጫዋ ዝቅ ብሎ ጨርቁ ውስጥ ይደላደላል። ብዙ እናቶች የሚዘሏት ይህችን ነው። ከዚህ በፊት የሚያለቅስ ልጅ ከዚህ በኋላ ሲተኛ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከዚያ እጅሽን ከራሷ ኋላ አድርገሽ ትንሽ ጎንበስ በይ። ከደረትሽ ከተለየች ላልቷል፤ እንደገና ሳቢ። የላላ ማዘያ ለእሷ የሚያዝን ይመስላል እንጂ ለሁለታችሁም አይበጅም። ልጅ ከሰውነትሽ በራቀች ቁጥር ያው ክብደቷ ወገብሽ ላይ ይበዛል። አንቺም እሱን ለመመለስ ወደ ኋላ ትለጠጫለሽ፤ ማታ ላይ ወገቤ ተቆረጠ የምትይው ከዚህ ነው።

ይህን ሁሉ መጀመሪያ ቤት፣ አልጋ አጠገብ፣ ሆዷ ጥጋብ ሲሆን ሞክሪው። ስልክሽን አቁመሽ ከጎን ፎቶ አንሺ፤ ከመስታወት በላይ ያሳይሻል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ሥራ በምትገቢበት ቀን ጠዋት መጀመር ግን ራስን ማሰቃየት ነው።

ቀበቶ ከናካቴው ካልተስማማሽስ? ረጅም ጨርቅ አለ። ከ4 ሜትር ተኩል እስከ 5 ሜትር የሚሆን ጥጥ ጨርቅ፣ ስፋቱ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቅዳሜ ገበያ ወይም ሌላ ጨርቅ ቤት አስቆርጪ። ደጋግሞ ታጥቦ የለሰለሰ አቡጀዲ ጥሩ ይሆናል። ፖሊስተር ያንሸራትታል፤ ቋጠሮው ይከዳሻል። ነጠላም ለዚህ አይሆንም፤ ስስ ስለሆነ እንደ ገመድ ተጠምዞ ትከሻሽን ይቆርጠዋል። የጨርቁን መሃል ሆድሽ ላይ ታደርጊያለሽ፣ ጫፎቹን ጀርባሽ ላይ አጣምረሽ በሁለቱ ትከሻሽ ታመጫለሽ፣ ልጅቷን ደረትሽ ላይ ታስገቢያለሽ፣ ጫፎቹን ከመቀመጫዋ ሥር አጣምረሽ በድርብ ቋጠሮ ከኋላ ትቋጥሪያለሽ። ክብደቱ ጀርባሽ ላይ ሁሉ ስለሚበተን ከኦፕሬሽን በኋላ ብዙዎች ይወዱታል። ጉድለቱ ማሰሩ ጊዜ ይወስዳል፤ ጫፉም ኮብልስቶኑ ላይ ይጎተታል። ከጠዋት ጥድፊያ ጋር ይስማማ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ባለ ቀለበቱና በአንድ ትከሻ የሚነገተው ለአንቺ መንገድ አይሆንም። አንድ ጎንሽን ብቻ ይጭናል።

ብርዱን ልረሳው አልችልም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ጠዋት ያንቀጠቅጣል። የብርዱም የዓይኑም ነገር ሲፈራ ልጅን ከነፊቷ በጋቢ መሸፈን የተለመደ ነው። እባክሽ ይህን አታድርጊ። ጋቢውን ከላይ ከሁለታችሁ ላይ ደርቢው፣ ዳርቻው ግን ማጅራቷ ላይ ይቁም። ለራሷ ኮፍያ፣ ለእግሯ ካልሲ ይበቃል፤ ጨርቁ ከጉልበቷ ሲጀምር ሱሪዋ ወደ ላይ ስለሚሸሽ ባቷ ይጋለጣል። የአንቺ ገላ ማሞቂያዋ ነው፣ ማዘያውም አንድ ድርብ ልብስ ማለት ነው። ስለዚህ ልብሷን አንድ ቀንሺ። መሞቋን በእጇ አትለኪ፤ የሕፃን እጅ ሁሌም ይቀዘቅዛል። ጣትሽን ማጅራቷ ላይ አድርጊ። ላብ ካለ አውልቂላት።

መንገዱን በተመለከተ፣ ማዘያ የአደጋ መከላከያ አይደለም። ባጃጅ ውስጥ ድንገት ፍሬን ቢያዝ ልጅቷ በአንቺና በፊት ባለው ብረት መሃል ናት። የሚቻልሽን ያህል በእግር ሂጂ። የግድ ባጃጅ ከሆነ ኋላ ወንበር ላይ፣ ከተከፈተው በር ራቅ ብለሽ፣ መሃል ተቀመጪ፤ ሾፌሩንም ቀስ እንዲል ንገሪው። ስትገቢ ጎንበስ ስለምትይ ራሷን በእጅሽ ያዢ። ስትቀመጪ ደግሞ ማዘያው ይላላል፣ አገጯም ይደፋል፤ ሁለት ጣትሽን እንደገና ለኪ። ሞተር ሳይክል ላይ በጭራሽ። ዳገትና ቁልቁለቱ ላይ፣ በተለይ በክረምት ኮብልስቶኑ ሲያሟልጭ፣ ጠፍጣፋ የማያንሸራትት ጫማ አድርጊ። የወደቀ ነገር ለማንሳት ከወገብሽ አትጎንበሺ፤ በጉልበትሽ ቁጭ በይ። ቤት ስትደርሺ ደግሞ ደረትሽ ላይ አዝለሻት ቡና አትቁይ፣ ምጣድ ላይ አትጋግሪ።

ከክትባት በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት የተወጋችበት ጭኗ ያማታል። የማዘያው ጠርዝ እዚያው ላይ እንዳያርፍ እይ፤ ካለቀሰች በክንድሽ ያዣት።

ወደ አማትሽ እንመለስ። እሳቸው ስለ እግር አቀማመጥ ትክክል ናቸው። አንቀልባ ልጅን ጭኗን ከፍቶ እናቷ ጀርባ ላይ ያጣብቃታል፤ ለዳሌ ከዚህ የተሻለ ብዙ የለም። የውጭ ማዘያ ከሚባለው አንዱም ከአፍሪካ እናቶች የተወሰደ ነው። አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቶጎ ውስጥ በሰላም ጓድነት ስትሠራ፣ እናቶች ልጃቸውን በጨርቅ ጀርባቸው ላይ ሲያዝሉ አየች። አገሯ ስትመለስ ለራሷ ልጅ ያንኑ ለመሥራት ሞከረች፤ እናቷ ሰፉላት። «ስናግሊ» የተባለው ማዘያ የፈጠራ መብት በ1969 እ.ኤ.አ. ተመዘገበ። ይህን ለአማትሽ ንገሪያቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

የአንቀልባ ችግሩ ለልጅሽ ገና መሆኑ ነው። ጀርባሽ ላይ ስትሆን ፊቷን አታይም። አንገቷ ገና ነው። ስለዚህ አንገቷን ቀጥ አድርጋ እስክትይዝ ቆዪ፤ ረዘም ላለ ጊዜ ለማዘል ደግሞ ተደግፋ መቀመጥ ስትጀምር፣ ወደ 6 ወር ገደማ ይሻላል። ያኔ 7 ኪሎ አካባቢ ትሆናለች፤ ደረት ላይ መያዙ ስለሚከብድሽ አንቺው ራስሽ ወደ ጀርባ ልትወስጃት ትፈልጊያለሽ። ሲደርስ ከማዘልሽ በፊት ቆዳው የደረቀና የተሰነጠቀ እንዳይሆን እይ፤ ጠፍሩ ቆዳው ላይ የተሰፋበትን ቦታ በሁለት እጅሽ ጠንክረሽ ሳቢው። አሮጌ አንቀልባ የሚበጠሰው እዚያ ነው። ጠፍሩ ጡትሽን አቋርጦ አጥብቆ እንዳይታሰር፤ ወተት ይዘጋና ጡትሽ ያብጣል። ከጡትሽ በላይ ወይም ከሥር ይለፍ። መጀመሪያዎቹን ጊዜያት ጀርባሽ ላይ ሲያወጧት አማትሽ ከኋላ ይቁሙልሽ። በዚህ ላይ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ናቸው የሚያስተምሩሽ።